«ብርቅ ነው» የተባለ ስኪን ለምን ገዢ ያጣል? የጌም ዕቃ ዋጋ በምን ይቆረጣል?

አራዳ_ልጅ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር ከፒያሳ እስከ ማራኪ ባሉት ጌም ቤቶችም ሆነ በቴሌግራም ግሩፖች የጌም ዕቃ መሸጥና መለወጥ እየበዛ ነው። ዋጋው በምን እንደሚቆረጥ ግን በቅጡ የሚያስረዳ የለም። ሻጩ «ብርቅ ነው» ይላል፣ ገዢው «እሱማ በየሜዳው ነው» ይላል፣ በመጨረሻ ድምፁን ከፍ ያደረገው ያሸንፋል። ቁጥር ጠቅሶ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦

1. ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ሁለት ኤኬ 47 ሬድላይን አለ፤ ሬድላይን ስኪን ነው፣ ማለትም ለጠመንጃው የሚለበስ መልክ። ሁለቱም በንጽሕና ደረጃ ፊልድ ቴስትድ፣ ሁለቱም በብርቅነት ቀለም ሮዝ። አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ይጠራል። ለምን?
2. ናይፍ (ቢላዋ) ለሚፈልግ ሰው ኬዝ፣ ማለትም በቁልፍ ተከፍቶ በዕድል ዕቃ የሚሰጠውን ሳጥን፣ መክፈት ይሻላል ወይስ ናይፉን በቀጥታ መግዛት?
3. የጌም መደብሩ የስቲም ማርኬት ላይ 100 ዶላር የሚል ዕቃ በብር ሲሸጥ ስንት ሊባል ይገባል?
4. ሮብሎክስ የተባለው ጌም ላይ «ራፕ» የሚሉት ቁጥር ይታመናል?
5. ገንዘቡ በቴሌብር፣ ዕቃው በስቲም ሲሆን ማን ይቅደም?

---

ሚዛን፦

ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄህ ልነሳ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመዘዛል።

ቀለሙ የሚነግርህ ዕቃው ከኬዝ ሲወጣ ዕድሉ ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ብቻ ነው። ዛሬ በስንት ሰው እጅ እንዳለ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለገበያ እንደቀረበ፣ ስንት ሰው ገንዘብ ይዞ እየጠበቀው እንደሆነ አይነግርህም። ዋጋ የሚቆረጠው ደግሞ በእነዚህ ነው። ፒ 90 የተባለው መሣሪያ ላይ ያለ ቀይ ስኪን፣ ቀይ ከሮዝ ይበልጥ ብርቅ ሆኖ ሳለ፣ ኤኬ ላይ ካለ ሮዝ ስኪን በታች ሲሸጥ የምታየው ለዚህ ነው። ኤኬን፣ ኤም 4ን፣ ኤ ደብሊው ፒን ሁሉም በየዙሩ ይይዛቸዋል፤ ሰው የሚገዛው ደግሞ በእጁ ይዞ የሚታይበትን ነው።

ወደ ሬድላይኑ እንምጣ። እያንዳንዱ ስኪን ሲፈጠር ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፍሎት የሚባለው ይህ ነው። ከ0.00 እስከ 0.07 ፋክተሪ ኒው፣ እስከ 0.15 ሚኒማል ዌር፣ እስከ 0.38 ፊልድ ቴስትድ፣ እስከ 0.45 ዌል ዎርን፣ ከዚያ እስከ 1.00 ባትል ስካርድ ይባላል። ፊልድ ቴስትድ የሚለው ስም እንግዲህ በጣም ሰፊ ክልል የሚሸፍን ነው። 0.151 ያለው ሬድላይን ለዓይን ሚኒማል ዌር ይመስላል፤ 0.37 ያለው ደግሞ ጠርዙ ተፋፍቆ ይታያል። ሁለቱም ግን አንድ ስም ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ብዙ ሰው ስኪን በተጫወትክበት ቁጥር ያረጃል ብሎ ያምናል፤ ፈጽሞ አያረጅም። ቁጥሩ ሲፈጠር ተቆርጦ ያለቀ ነው፤ አሥር ዓመት ብትጫወትበትም ያው ነው።

ሁሉም ስኪን ከ0 እስከ 1 ያለውን ሙሉውን ክልል እንደማያገኝም ልብ በል። ሬድላይን የተፈቀደለት ከ0.10 እስከ 0.70 ነው፤ ስለዚህ ፋክተሪ ኒው ሬድላይን በዓለም ላይ የለም። ኤ ደብሊው ፒ አሲሞቭ ከ0.18 ይጀምራል፤ ለእሱ ፊልድ ቴስትድ የመጨረሻው ንጹሕ ደረጃ ነው። «ፋክተሪ ኒው ሬድላይን አለኝ» ብሎ በቴሌግራም ፎቶ የሚልክልህ ሰው ካለ ንግግሩን እዚያው ጨርስ። ፍሎቱን ለማየት ዕቃውን ካውንተር ስትራይክ 2 ውስጥ «ኢንስፔክት» ብለህ ክፈትና የመረጃ ምልክቷን ንካ፤ የዌር ቁጥሩ (ፍሎቱ) እና የፓተርን ማለትም የሥዕሉ አቀማመጥ ቁጥሩ ይወጣል። ስክሪንሾት አትቀበል፤ የኢንስፔክት ሊንኩን ተቀብለህ በራስህ ኮምፒውተር ክፈተው።

ብዙ እጥፍ ልዩነት የሚያመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስቲከር ነው። በፈረንጅ 2014 ለካቶቪሴው ውድድር የወጡት ስቲከሮች፣ በተለይ የታይታንና የአይባይፓወር ቡድኖች ሆሎዎች (የሚያብረቀርቁት)፣ ማምረቻቸው ከተዘጋ ቆይቷል፤ አንዱ መሣሪያ ላይ በተለጠፈ ቁጥር ያልተለጠፈው ቁጥር ይቀንሳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ የተለጠፈ ስቲከር ተነቅሎ ሌላ መሣሪያ ላይ አይለጠፍም፤ ስለዚህ ስኪኑ የስቲከሩን ሙሉ ዋጋ አይሸከምም፤ ከዋጋው ጥቂቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ተራ ስቲከር ከሆነ ምንም አይጨምርም ብለህ አስላ። ሻጩ «አራት ስቲከር አለበት፣ እያንዳንዱ ይህን ያህል ያወጣል» እያለ ሲደምርልህ ድምሩን አትቀበለው።

ስታትትራክም፣ ማለትም የገደልከውን የሚቆጥር መሣሪያ፣ እንዲሁ ነው። ከኬዝ ከሚወጡት ውስጥ አሥር በመቶ ያህሉ ስታትትራክ ስለሆነ ከተራው ይወደዳል፤ ቆጣሪው ግን ዕቃው ሲሸጥ ወይም ሲለወጥ ወደ ዜሮ ይመለሳል። «ሃያ ሺህ ኪል አለው» ተብሎ የሚጨመር ዋጋ ስለዚህ መሠረት የለውም።

አንዳንድ ስኪን ላይ ደግሞ የፓተርን ቁጥሩ ከሁሉ ይበልጣል። ኬዝ ሃርደንድ የተባለው ስኪን ሰማያዊና ወርቃማ ቀለሙ እንደ ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ ኤኬ ላይ 661 ቁጥር ያለው ላዩ በሙሉ ማለት ይቻላል ሰማያዊ ስለሆነ ከወንድሞቹ ጋር አይወዳደርም። ሬድላይን ላይ ግን ፓተርን ለውጥ አያመጣም፤ ለሬድላይን ፓተርን ተጨማሪ የሚጠይቅህን አትስማ። አያቶቻችን ማርትሬዛ ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥሩ ነበር፤ የደበዘዘውን ይመልሱ ነበር፣ ብሩ ግን ያው ብር ነው። የዚህም ገበያ ዓይን እንደዚያ ነው፤ የትኛው ነጠብጣብ እንደሚቆጠር ማወቅ ያስፈልጋል።

---

ትዕግሥት_አዘዞ፦

ሁለተኛውን እኔ ልውሰደው። ዕድሉ በፈረንጅ ከ2017 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በቻይና ሕግ ምክንያት እንዲገለጥ ተደርጓል። ከ10,000 ኬዝ 7,992ቱ ሰማያዊ፣ 1,598ቱ ሐምራዊ፣ 320ው ሮዝ፣ 64ቱ ቀይ፣ 26ቱ ብቻ ወርቃማ ማለትም ናይፍ ወይም ጓንት ይሰጣሉ። ስለዚህ በአማካይ አንድ ወርቃማ ለ385 ኬዝ ነው። ቁልፉ 2.49 ዶላር ነው፤ የኬዙን ዋጋ ትተን ለቁልፍ ብቻ 958 ዶላር ገደማ ማለት ነው።

አሁን ሰዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ይመጣል። «385 ከከፈትኩ በእርግጥ ይወጣል» ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ኬዝ ያለፈውን አያስታውስም። 100 ኬዝ የከፈተ ሰው ቢያንስ አንድ ወርቃማ የማግኘት ዕድሉ 23 በመቶ ያህል ነው። 385 የከፈተ 63 በመቶ። እንግዲህ ያን ሁሉ ከከፈቱ መቶ ሰዎች መካከል 37 ያህሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ወርቃማ የወጣለትም ቢሆን ከርካሾቹ ናይፎች አንዱ፣ ያውም ባትል ስካርድ ሊደርሰው ይችላል። ናይፍ የሚፈልግ ናይፉን ይግዛ። ኬዝ የሚከፍት ሰው ለመክፈቱ ደስታ እየከፈለ መሆኑን አውቆ ይክፈት፤ በተለይ ጌም ቤት ውስጥ ያሉ ታዳጊዎች ይህን ስሌት ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ሚዛን ያላነሳውን ልጨምር። ብርቅነት የቆመ ነገር አይደለም። እንደ አንገረብ ግድብ አስቡት፦ የሚገባውና የሚወጣው ካልታወቀ ዛሬ የሚታየው ውኃ ምንም አይነግርም። ስለ ማንኛውም ዕቃ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «አሁንም እየተመረተ ነው?» የሚለው ነው። ከወቅቱ ኬዞች የሚወጣ ስኪን በየደቂቃው ይጨምራል፤ ዋጋውም ከወጣበት ሳምንት በኋላ ቁልቁል ይሄዳል። ኬዙ ከመደበኛው ዙር ሲወጣ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይገኛል፤ እያንዳንዱ የተከፈተ ኬዝ ደግሞ ከዓለም ይጠፋል፣ ስለዚህ ኬዙ ራሱ እየተወደደ ይመጣል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ማጥፊያው ነው። ትሬድ አፕ ውል አሥር ተመሳሳይ ደረጃ ያላቸውን ዕቃዎች በልቶ ከበላያቸው ያለውን አንድ ይሰጣል፤ ዘጠኝ ዕቃ ከገበያ ወጣ ማለት ነው። ለዓመታት ይህ ቀይ ላይ ያበቃ ነበር። ጥቅምት 2018፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ቀን 2025፣ የጌሙ ባለቤት ቫልቭ አምስት ቀይ ሰጥቶ ናይፍ ወይም ጓንት መውሰድ እንዲቻል ፈቀደ። በአንድ ሌሊት ቀዮቹ ወደ ላይ ተተኮሱ፣ ናይፎቹ ወደቁ። የናይፉ መልክ አልተለወጠም፣ ፍሎቱም አልተለወጠም፣ ከኬዝ የሚወጣበት ዕድልም ያው 0.26 በመቶ ነው። የተለወጠው ሌላ በር መከፈቱ ነው። «ናይፍ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው» የሚል ሰው ይህን ቀን አይርሳ፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው አንድ ድርጅት ነው፣ ማንንም አያማክርም።

በተቃራኒው በር ተዘግቶም ዋጋ ይሰቀላል። ኤም 4 ኤ 4 ሃውል የተባለው ስኪን በፈረንጅ 2014 ሥዕሉ የሌላ ሰው ነው የሚል የመብት ክስ ሲነሳበት ከኬዙ ወጣና «ኮንትራባንድ» የሚል የብቻው ደረጃ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ አንድም አዲስ አልተፈጠረም። ባለቤቱ በማጭበርበር አካውንቱ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ አብሮ የሚቀበር አለ።

የቫልቭን ሌላ ጌም ቲም ፎርትረስ 2ን የሚጫወት ካለ እንደ መገበያያ የሚያገለግለውን ሬፋይንድ ሜታልን ይመልከት። ሦስት ስክራፕ አንድ ሪክሌምድ፣ ሦስት ሪክሌምድ አንድ ሬፋይንድ ነው፤ ሜታሉ በመጫወት ብቻ ስለሚገኝ ሰዎች አካውንት አብዝተው ያለማቋረጥ አስመረቱት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ቁልፍ በሁለትና ሦስት ሬፋይንድ ይለወጥ ነበር፤ በኋላ ከ50 አለፈ። ቁልፉ በዶላር ዋጋው 2.49 እንደሆነ ነው። የረከሰው ሜታሉ ነው።

---

አራዳ_ልጅ፦

እትዬ ትዕግሥት፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የ385ቱን ስሌት ጽፌ ጌም ቤት እለጥፈዋለሁ። ሚዛንም ተባረክ። ሦስተኛው ጥያቄ ግን እስካሁን አልተነካም። ስቲም ላይ የሚታየው ዋጋ በብር ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር ነው የሁሉም ጠብ መነሻ።

---

ቅዳሜ_ገበያ፦

መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር የማን እንደሆነ እንለይ። ማርኬቱ ላይ የተለጠፈው ገዢው የሚከፍለው ነው። ከዚያ ላይ 5 በመቶ ለስቲም፣ 10 በመቶ ለጨዋታው ይሄዳል፤ የሚሰላው ደግሞ ሻጩ በሚቀበለው ላይ ነው። ሻጭ 10 ዶላር እንዲደርሰው ከፈለገ ገዢው 11.50 ይከፍላል። 100 ዶላር የተለጠፈበት ዕቃ ስለዚህ ለሻጩ 86.96 ገደማ ያስገባል። ያ ገንዘብ ደግሞ ስቲም ዋሌት (የስቲም ቦርሳ) ውስጥ ታሥሮ ይቀራል፤ ጌምና ዕቃ ይገዛል እንጂ ወደ ባንክ አይወጣም። ስቲም በብር ስለማይሠራ የእኛ ሰው ዋሌት የሚሞላው በአብዛኛው በካርድ ኮድ ነው፤ የካርድ ሻጩም የራሱን ይጨምራል።

ከዚህ ሁለት ድንበር ይወጣል። የገዢው ጣሪያ፦ ዕቃውን ካርድ ገዝቶ ማርኬት ላይ ቢወስደው የሚያስወጣው ብር። ከዚያ በላይ መክፈል የለበትም። የሻጩ ወለል፦ ማርኬት ላይ ሸጦ የሚያገኘው 86.96 የታሠረ ዶላር ለእሱ ስንት ብር ያህል ይጠቅመዋል የሚለው። የሚከራከሩት በነዚህ በሁለቱ መሃል ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚገበያዩባቸው የውጭ ገጾች ላይ ዋጋው ከስቲም በግልጽ ዝቅ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚወጣ ገንዘብ ከታሠረ ገንዘብ ይበልጣል።

ስለዚህ «100 ዶላር ነው፣ በባንክ ምንዛሪ አባዛው» ትክክል አይደለም፣ በሁለቱም በኩል። የባንኩ ዶላር የስቲም ካርድ አይገዛልህም። ሌላው ስህተት አሮጌ ምንዛሪ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 መጨረሻ፣ ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ የብር ዋጋ ዝርዝር ሁሉ መጣል አለበት። በቴሌግራም ግሩፖች ተሰክቶ የቆየ ዝርዝር ካያችሁ ቀኑን ተመልከቱ። በየቀኑ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ የ10 ዶላር ካርድ በስንት ብር ይሸጣል? ያንን ለአሥር አካፍሉት፤ የእናንተ የስቲም ዶላር ያ ነው።

100 የሚለው ቁጥር ራሱም መመርመር አለበት። የተጠየቀ ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ የተለያዩ ናቸው። ከማርኬቱ ገጽ የሽያጭ መስመሩን አውጡና ባለፈው ወር በምን ያህል እንደተሸጠ፣ በቀን ስንት እንደሚሸጥ ተመልከቱ፤ ከዚያ ከፍተኛውን የግዢ ትዕዛዝ አንብቡ። ሬድላይን በቀን በብዛት ይሸጣል፤ የሻጭ ጥያቄና የገዢ ትዕዛዙ ይቀራረባል፣ ዋጋው እውነተኛ ነው። በወር ሁለቴ ብቻ የሚሸጥ ዕቃ ላይ ግን አንድ ሰው ለራሱ ሌላ አካውንት በውድ ሸጦ መስመሩን ሊሰቅለው ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ «ብርቅ» ነው፣ ግን ዛሬ ብር ያስፈልገኛል ብትል የሚገዛህ የለም። ለመሸጥ ወር የሚፈጅ ዕቃ ላይ ቅናሽ ጠይቁ፤ ሻጩ ቢቆጣም ትክክል ናችሁ።

ስለ ገንዘብነት አንድ ነገር ልበል፤ ለጎንደር ሰው ቅርብ ነው። አሞሌ ጨው የሚበላ ዕቃም መገበያያም ነበር፤ ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። የካውንተር ስትራይክ ቁልፍ ለዓመታት አሞሌ ነበር፦ ሁሉም ይቀበለዋል፣ ዋጋው አይዋዥቅም፣ መጨረሻ ላይ ኬዝ ይከፍታል። ኦክቶበር 28 ቀን 2019 ቫልቭ አዲስ የሚገዙ ቁልፎች እንዳይለወጡ አገደ፤ የማጭበርበር ገንዘብ ማጠቢያ ሆነው ስለተገኙ ነው። ከዚያ በፊት የተገዙት ብቻ ይለወጣሉ። ዛሬ «በቁልፍ ክፈለኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሚለወጥ ቁልፍ መሆኑን አይታችሁ ተስማሙ።

---

ማራኪ_ላብ፦

አራተኛውን እኔ ልመልስ። ሮብሎክስ ላይ ራፕ ማለት የቅርብ ሽያጮች አማካይ ማለት ነው፤ አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሽያጭ በተፈጸመ ቁጥር ቁጥሩ በልዩነቱ አንድ አሥረኛ ይንቀሳቀሳል። ራፑ 1,000 ሮበክስ (የሮብሎክስ ገንዘብ) የሆነ ሊሚትድ፣ ማለትም ቅጂው የተወሰነ ዕቃ፣ በ10,000 ቢሸጥ ልዩነቱ 9,000 ነው፤ አንድ አሥረኛው 900፤ አዲሱ ራፕ 1,900 ይሆናል። በአንድ ሽያጭ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ዕቃው ግን ትናንት የነበረው ነው።

ይህን ሆን ብሎ ማድረግ ያዋጣል? ሮብሎክስ ከዳግም ሽያጭ 30 በመቶ ይወስዳል፤ ከ10,000ው 3,000 ተቃጠለ። አንድ ቅጂ ብቻ ላለው ሰው 900 ለማግኘት 3,000 መክፈል ኪሳራ ነው። ሃያ ቅጂ አስቀድሞ በርካሽ ለሰበሰበ ሰው ግን 900 ሲባዛ በ20፣ 18,000 ነው። ስለዚህ ራፑ ድንገት የዘለለ ዕቃ ስታዩ መጀመሪያ መመርመር ያለባችሁ ስንት ቅጂ በአንድ ሰው እጅ እንደተከማቸ ነው። ነጋዴዎች እንዲህ ያለውን «ፕሮጀክትድ» ይሉታል። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ አሁን ለሽያጭ የቀረበው ዝቅተኛ ዋጋ ከራፑ በታች ይሆናል። አንድ ሰው ራፑ 1,900 የሆነውን ሰጥቶ የእናንተን ራፑ 1,700 የሆነ ጽኑ ዕቃ ሲጠይቅ ትርፍ መስሎ ይታያል፤ ገጹን ስትከፍቱ ያው ዕቃ በ1,100 ተሰቅሏል።

የቅጂ ብዛትም ያታልላል። «አንድ ሺህ ብቻ ተሽጧል» ቢባል ከሺሁ ስንቱ በተዘጉና በተረሱ አካውንቶች ውስጥ እንደተቀበረ ማሰብ ነው። ሁለት ዕቃዎች እኩል ሺህ ሺህ ቅጂ ኖሯቸው አንዱ በገበያ 300 ሌላው 40 ብቻ ሊኖረው ይችላል።

ሮብሎክስ ውስጥ ያለው የእንስሳት ማሳደጊያ ጌም አዶፕት ሚ ሌላ ነው፤ እዚያ ራፕ የለም፣ ሁሉም ነገር በመለዋወጥ ነው። ኒዮን የሚሠራው ከአራት ሙሉ ካደጉ ተመሳሳይ እንስሶች ነው፤ ሜጋ ኒዮን ከአራት ኒዮን። አንድ ሜጋ ማለት እንግዲህ 16 እንስሳ ነው፣ 15ቱ ከገበያ ጠፍተዋል። ሆኖም ሜጋ ከ16ቱ ድምር በላይም በታችም ሊሄድ ይችላል። የቆየና የማይመለስ እንስሳ፣ ለምሳሌ በፈረንጅ 2019 ሃሎዊን የወጣው ሻዶ ድራገን፣ ሜጋ ሲሆን ማሳደጉ የፈጀው ድካምም ብርቅነቱም ይደመርበታል። ዛሬ ከሱቅ እንቁላል የሚፈለፈል ተራ እንስሳ ግን ሜጋ ቢሆንም ፈላጊው ትንሽ ነው። ለታናናሾቻችሁ ደግሞ ይህን ንገሩልኝ፦ «መጀመሪያ አንተ ስጠኝ፣ በሁለተኛው ትሬድ እሰጥሃለሁ» የሚባል ነገር የለም። በአንድ መስኮት ያልታየ ነገር አልተሰጠም። ማረጋገጫው ሁለት ደረጃ አለው፤ ሁለተኛው ላይ ሳይነኩ ዕቃውን ስሙን አንብቦ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ ኒዮኑ በተራ እንስሳ ይቀየራልና።

---

የእንኮዬ_ልጅ፦

አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ መንገዶች ሰዓት አይገጥምም። ቴሌብር ወዲያው ይገባል፣ ተመልሶም በራስህ እጅ አይመጣም። በስቲም የተላከ የካውንተር ስትራይክ ዕቃ ግን ከሐምሌ 2017፣ በፈረንጅ ጁላይ 2025፣ ጀምሮ ለሰባት ቀን «ትሬድ ፕሮቴክትድ» (ልውውጡ የተጠበቀ) ነው። በነዚያ ቀናት የሰጠው ሰው የሳምንቱን ትሬዶቹን በሙሉ መመለስ ይችላል። አካውንቱ ለ30 ቀን ከትሬድና ከማርኬት ይታገዳል፣ ግን ዕቃው እጁ ገባ። ጥበቃው የመጣው አካውንታቸው ለተሰረቀባቸው ነው፤ መልካም ሥራ ነው። በቴሌብር ለሚገዛ ሰው ግን ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ዕቃውን የሚመልስበት በር ሆኗል። ገዢም በነዚያ ሰባት ቀናት ዕቃውን ይጫወትበታል እንጂ ሊሸጠውም፣ ስቲከር ሊለጥፍበትም አይችልም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ሁለቱም በአካል የሚያውቁት ሦስተኛ ሰው ብሩን ይያዝ። ሻጩ ዕቃውን ለገዢው በቀጥታ ይላክ፤ በሦስተኛው ሰው የስቲም አካውንት አይለፍ፣ አለዚያ ሰባቱ ቀን ሁለቴ ይቆጠራል። ስምንተኛው ቀን ገዢው ኢንቬንተሪውን ከፍቶ ምልክቱ መነሳቱን ያሳይ፤ ያኔ ብሩ ይለቀቅ። ሁለቱም ስቲም ጋርድ (የስቲም ማረጋገጫ) ሞባይል ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀን የተጫነ ይሁን፤ ካልሆነ ትሬዱ እስከ 15 ቀን ይያዛል፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው «ላክሁ» «አልደረሰኝም» በሚባልበት በዚህ ጊዜ ነው።

ብር ተቀባይ ደግሞ የሚላክለትን ስክሪንሾት አይመን፤ በየስልኩ የውሸት ደረሰኝ መሥሪያ አለ። የጽሑፍ መልእክትም ከየትኛው ቁጥር እንደመጣ ይመልከት። *127# ደውሎ ወይም መተግበሪያውን ከፍቶ የራሱን ሂሳብ ካየ በኋላ ብቻ ገባ ይበል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወይም መብራት ሲጠፋ «ገብቷል፣ መልእክቱ ዘግይቶ ነው» የምትለዋ ቃል ትበዛለች። ኔትወርክ ከሌለ ግብይት የለም፤ ነገ ይደረግ።

የኤፒአይ ቁልፍ ስርቆትን ሳልናገር አላልፍም። ተጫዋቹ ስቲም በሚመስል የውሸት ገጽ ይገባል፤ ሌባው በስሙ የዌብ ኤፒአይ ቁልፍ ይመዘግባል፤ ይህ የኬዝ ቁልፍ ሳይሆን ትሬዶችን በፕሮግራም ለመቆጣጠር የሚያስችል ኮድ ነው። ለትክክለኛው ሰው ትሬድ ስትልክ ያንን ይሰርዝና በዚያው ስምና ፎቶ ከተሠራ ሌላ አካውንት አዲስ ጥያቄ ያቀርብልሃል። ስልክህ ላይ ስታረጋግጥ ስምና ፎቶ ብቻ ካየህ ዕቃህን ለሌባው ሰጠህ። ማረጋገጫው ላይ የተቀባዩን የስቲም ደረጃና የተመዘገበበትን ቀን አንብብ። አጠራጣሪ ነገር ካየህ ቁልፉን ሰርዝ፣ የይለፍ ቃል ቀይር፣ ከሁሉም መሣሪያ ውጣ፣ ከዚያ አዲስ የትሬድ ሊንክ አውጣ። የይለፍ ቃል ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ቁልፉ በቦታው ይቆያል።

---

ትዕግሥት_አዘዞ፦

በሦስተኛ ሰው ነገር ላይ አንድ እርማት አለኝ። በቴሌግራም «ሚድልማን ነኝ» ብሎ የሚቀርብ ሁሉ ሦስተኛ ሰው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሻጩ ሁለተኛ አካውንት ነው። ሰውየው በገዢው ምርጫ ይሁን፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ሁለቱም ሊሄዱበት የሚችሉ ይሁን። የሚያዘውም ብር በወረቀት ይጻፍ፦ መጠኑ፣ ቀኑ፣ የዕቃው ፍሎት እስከ መጨረሻው አኃዝ። ፍሎቱ ከተጻፈ ሌላ ሬድላይን አምጥቶ «ይህ ነው የተስማማነው» ማለት አይቻልም።

---

ፋሲል_ተጫዋች፦

እኛ ኮምፒውተር የለንም፤ ፐብጂ ሞባይል ነው የምንጫወተው። የኤም 416 ጠመንጃ ግላሲየር ስኪን ያለበት አካውንት ይሸጣሉ፤ ዋጋውን እንዴት እናውቃለን?

---

ሚዛን፦

እዚያ ዕቃው ከአካውንት ወደ አካውንት አይተላለፍም፤ ስለዚህ ገበያ የለም፣ የሚታይ የሽያጭ መስመርም የለም። የሚሸጠው አካውንቱ ራሱ ነው፤ ይህ በጨዋታው ደንብ የተከለከለ ነው፣ ሲታወቅ ይዘጋል። ከዚያ የሚብሰው፣ የመጀመሪያው ባለቤት የገዛበትን ደረሰኝ ይዞ ወደ ድጋፍ ሰጪው በመሄድ ከወራት በኋላም መልሶ ሊወስደው ይችላል። የተገናኘውን ጉግልና ፌስቡክ ብትቀይርም ይህ መንገድ አይዘጋም። ሻጩ ለስኪኑ ስንት እንዳወጣ ሲነግርህ ያወጣው ገንዘብ ተበልቶ አልቋል፤ አንተ የምትገዛው ማንም ሊያስመልሰው የሚችል የይለፍ ቃል ነው። ዋጋ ቁረጥልኝ ካልክ፣ ነገ ጠዋት ቢጠፋ የማይቆጭህን ያህል ብቻ።

---

አራዳ_ልጅ፦

የእንኮዬ ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሻጩ ሰባት ቀን አልጠብቅም፣ ግማሹን አሁን ስጠኝ ቢልስ?

---

የእንኮዬ_ልጅ፦

ግማሹን ከሰጠኸው ዕቃውን መልሶ በግማሹ ብር ሊያተርፍ ይችላል፤ የ30 ቀኑ እገዳ ለአንድ ሙሉ ናይፍና ለግማሽ ዋጋው አያስፈራውም። ቸኩሎ ከሆነ ማርኬት ላይ ይሽጠው፣ ለ100 ዶላሩ ዕቃ 86.96 ያህል በዋሌቱ ይገባለታል። ወይም ዋጋውን ይቀንስና ሌላ ገዢ ይፈልግ። ቀብድ መስጠት ካለብህ ቀብዱ ከእጅህ ቢወጣ የማትጣላበት ያህል ይሁን፣ እሱም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።